ፌዝ እያለው የማይሠራ ሶኬት

የምንኖርበት ቤት አዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ የሚገኝ ጭቃ ቤት ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ ቤቱ ቀድሞ የቆመ ነበር። ወላጆቼ ከቀበሌ ተከራይተው ከገቡበት ጊዜ አንሥቶ ቆርቆሮው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ግድግዳውም በየጊዜው ተመርጓል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን ግን ከሥሩ የነካው ሰው የለም፤ በላዩ ላይ እየተጨመረበት ነው የኖረው። በሳሎኑ ኮርኒስ ሥር በነጭ የሸክላ ማቀፊያዎች ላይ የተወጠረ ባለ ጨርቅ ልባስ ሽቦ ቅሪት ይታያል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ በምስማር የተያዘ ጠፍጣፋ ኬብል ያልፋል፤ ወደ መኝታ ቤት የሚሄደው ደግሞ ግማሹ በምርጊቱ ውስጥ ተቀብሮ ግማሹ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ብቅ ይላል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አንድ ሶኬት፣ ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ ማለትም ፌዙ እያለለት፣ በድንገት አልሠራም ሲል ከየት መጀመር እንደሚገባ ለማንም ግልጽ አይደለም። እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ያጋጠመኝን፣ ያበላሸሁትንና በመጨረሻ በሰው እገዛ ያገኘሁትን በቅደም ተከተሉ የምጽፈው ተመሳሳይ ቤት ውስጥ ያለ ሰው እኔ በሄድሁበት የተሳሳተ መንገድ እንዳይሄድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ነበር። ለፍስኩ የተገዛው ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ነበረ፤ ጠዋት ስንነሣ ፍሪጁ ድምፅ አልነበረውም፣ ሥሩም ውኃ ቋጥሯል። የሳሎኑ መብራት ግን ይበራል፣ መኝታ ቤት ውስጥ ያለው ሶኬትም ስልክ ይሞላል። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ስታብላይዘሩን ስለነበረ እርሱን አውጥቼ ፍሪጁን በቀጥታ በዲቫይደሩ ላይ ሰካሁት። ለውጥ አልነበረም። ቀጥሎ ከመኝታ ቤቱ ሶኬት በኤክስቴንሽን ገመድ መስመር አምጥቼ ብሞክረው ወዲያው ተነሣ። ችግሩ የፍሪጁ ሳይሆን የሳሎኑ ሶኬት መሆኑን በዚህ አረጋገጥሁ፤ እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ትክክል ነበር። ብሬከሮቹንም አየሁ፤ ሁሉም ወደ ላይ ናቸው። አንዳንድ ብሬከር ወድቆም ከላይ ያለ መስሎ መሐል ላይ ስለሚቆም በዓይን ማየት ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱን እስከ ታች አውርዶ መልሶ ማንሣት ያስፈልጋል። ይህንንም አድርጌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ስህተት ነው። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኘውን፣ ጫፉ ካቻቢቴ የሆነውንና በውስጡ ትንሽ መብራት ያለውን ቴስተር አንሥቼ በዲቫይደሩ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ከተትሁት። በራ። ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ብከተውም በራ። «ኮረንቲ አለ፤ እንዲያውም በሁለቱም በኩል አለ፤ እንግዲያው የተበላሸው ሶኬቱ ራሱ ነው» ብዬ ደመደምሁ። በሁለቱም ቀዳዳ መብራቱ ሊያስደነግጠኝ ሲገባ እኔን አጽናናኝ። ከሱቅ አዲስ ሶኬት ገዛሁ፤ ብሬከሩን አውርጄ አሮጌውን ፈታሁት፤ ሽቦዎቹን ባገኘሁበት አኳኋን በአዲሱ ላይ አሰርሁ። ከአሮጌው ሶኬት ላይ ከአንዱ ብሎን ወጥታ በመሐል ወዳለው የብረት ምላስ የምትሄድ የጣት ርዝመት የምታህል ሽቦ ነበረች። ምን እንደምትሠራ ባላውቅም «የድሮ ባለሙያ ያለ ምክንያት አላደረጋትም» ብዬ እርሷንም በአዲሱ ላይ መለስኋት። ብሬከሩን ባነሣሁ ጊዜ ቴስተሩ እንደ በፊቱ በራ፣ ፍሪጁም እንደ በፊቱ ዝም አለ። መሰኪያውን ከነመሰካቱ ትቼው «ማታ አየዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ ስመለስ ታናሽ እህቴ ክንዷን እያሻሸች ጠበቀችኝ። ወለሉን ወልውላ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በባዶ እግሯ ቆማ የፍሪጁን እጀታ ስትይዝ ኮረንቲ ይዟት ነበር። ወደ ኋላ ወርውሯት ቡፌው ላይ አስደገፋት እንጂ ለቅቋታል። ሞቷል ያልነው ሶኬት ላይ የተሰካ፣ ድምፅ የሌለው፣ መብራቱ እንኳ የማይበራ ፍሪጅ እንዴት ሰው ይይዛል? በማግስቱ የሠፈራችን ኤሌክትሪሺያን መጣ፤ ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ አበራና ሁለት ነገር ነገረን፦ ፍሪጁ ኮረንቲ ያወጣል፣ መጠገን አለበት፤ የቤቱ ሽቦም አርጅቷልና ከቆጣሪው ጀምሮ አዲስ መስመር መዘርጋት አለበት። ሁለተኛው ነገር ከእውነት የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ፍሪጁ በመኝታ ቤቱ ሶኬት ላይ ሲሰካ ማንንም አይነዝርም ነበር፤ የተጠየቅነው ገንዘብ ደግሞ በአንድ ወር የሚገኝ አልነበረም።

ከግቢያችን ጀርባ ዕድሜያቸውን በሙሉ በፋብሪካ ኤሌክትሪሺያንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እናቴ ቡና ስትጠራቸው ነገሩን ሰሙና ስኒያቸውን አስቀምጠው፦

«ቴስተሩ በሁለቱም ቀዳዳ ነው የበራው አልኸኝ?»

«አዎ ጋሼ፣ በሁለቱም።»

«እንግዲያው ኒውትራሉ ተበጥሷል። ቴስተር ፌዝ አለ ይልሃል እንጂ መመለሻ አለ አይልህም። የድሮ ባለ ክር አምፖል ካለህ አምጣልኝ፤ እስከዚያው ግን ያንን መሰኪያ ንቀሉት!»

ያሉትን በራሴ አነጋገር ላስረዳ። ወደ ቤታችን የሚገባው ኮረንቲ 220 ቮልት ሲሆን የሚሠራው በሁለት ሽቦዎች መካከል ነው፤ በፌዙ ይመጣል፣ በኒውትራሉ ይመለሳል። ቴስተሩ ውስጥ ያለው ትንሽ መብራት ኮረንቲውን ከሚገታ ትልቅ ሬዚስተር ጋር የተያያዘ ስለሆነ እጅግ ጥቂት በሆነ፣ በእኛው አካል አልፎ ወደ መሬት በሚሄድ ኮረንቲ ይበራል። ስለዚህ የሚነግረን የነካው ነገር ከመሬት አንጻር ቮልት እንዳለው ብቻ ነው። ኒውትራሉ ከሶኬቱ በፊት አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠና ሶኬቱ ላይ አንድ ዕቃ ከተሰካ፣ ፌዙ በዕቃው ውስጥ አልፎ በተቋረጠው ኒውትራል ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ መመለሻ ስለሌለውም እዚያው ይቆማል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ቀዳዳ ቴስተሩን ያበራል፣ ዕቃው ግን አይሠራም። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም፦ በሶኬቱ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ነቅሎ ቴስተሩን መሞከር፣ ከዚያ አንድ ዕቃ ሰክቶ በዲቫይደሩ ሌላ ቀዳዳ ላይ ደግሞ መሞከር ነው። ዕቃው ሲነቀል በአንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚበራ፣ ሲሰካ ግን በሁለቱም የሚበራ ከሆነ የተቋረጠው ኒውትራሉ ነው። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ አዲስ ሶኬት አልገዛም ነበር።

ጋሼ የሠሩት መፈተሻ ከአምፖል መያዣ የሚወጡ ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ የሽቦዎቹ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የተላጠ፣ የቀረው ልባስ ደግሞ ምንም ስንጥቅ የሌለው መሆን አለበት። አምፖሉ የግድ የድሮው ባለ ክር፣ 40 ወይም 60 ዋት የሆነው ነው። የአሁኑ ኤልኢዲ አምፖል በጣም ጥቂት ኮረንቲ ስለሚበቃው በተቋረጠ መስመር ላይ እንኳ ደብዘዝ ብሎ ሊበራ ይችላል። ቮልት የሚለካ ዲጂታል መልቲሜትር ያለው ሰውም ይህንኑ ልብ ይበል፤ የተቋረጠ ሽቦ ከጎኑ ከሚሄደው ፌዝ ጥቂት ቮልት ስለሚወርሰው መሣሪያው ስድሳም ይበል መቶ፣ በዚያ «ቮልት» ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። ባለ ክር አምፖል ግን የሚበራው እውነተኛ ኮረንቲ ሲያልፍበት ብቻ ነው። የአምፖሉን ሁለት ጫፎች በሳሎኑ ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ሲያደርጓቸው አልበራም። ከዚያ ከመኝታ ቤቱ ሶኬት ኒውትራል ረጅም ሽቦ አምጥተው አንዱን ጫፍ ከእርሱ፣ ሌላውን ከሳሎኑ ፌዝ ጋር ሲያገናኙት ቦግ አለ። ፌዙ ደኅና ነው፤ ኒውትራሉ በሁለቱ ክፍሎች መካከል አንድ ቦታ ላይ ጠፍቷል። ይህ ሁለተኛው ሙከራ ኮረንቲ ባለበት መስመር ላይ ስለሚደረግ ሙያውን የማያውቅ ሰው ብቻውን እንዲሠራው አልመክርም፤ እኔም የያዝሁት ባትሪ ብቻ ነበር።

የሚቀጥለው ሥራ ጋሼ «መስመሩን ማንበብ» የሚሉት ነው። አንድ ብሬከር ይወርዳል፤ ከዚያ በቤቱ ውስጥ እየዞሩ ምን ምን እንደጠፋ ማየትና በእያንዳንዱ ሶኬትና አምፖል አጠገብ የብሬከሩን ቁጥር በጠመኔ መጻፍ ነው። ጠቃሚው ነገር ሶኬቶች ከብሬከሩ ሰንጠረዥ (ብሬከሮቹ ከተደረደሩበት ሰሌዳ) እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሽቦ የማይመጡ መሆናቸውን መረዳት ነው፤ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ሶኬት በእርሱና በብሬከሩ መካከል ባለው በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ የማይሠራ ሶኬት ሲገኝ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያለው በራሱ ውስጥ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ባለው፣ ምናልባትም ደኅና በሚሠራው ሶኬት ውስጥ ነው። እኛም ቤት ሁለት ቁጥር ብሬከር ሲወርድ የጠፉት የመኝታ ቤቱ ሶኬት፣ የሳሎኑ ሶኬትና፣ ማንም ያልጠበቀው፣ የጎረቤታችን ማድ ቤት አምፖል ነበሩ። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ስለሚጠቀም እንዲህ ያለው ነገር መገኘቱ አያስገርምም፤ ነገር ግን ብሬከር ከማውረድ በፊት «መብራት ላጠፋ ነው!» ብሎ መጮህ፣ ካወረዱም በኋላ ሰንጠረዡ ላይ ሰው ማቆም ወይም «አትንኩ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ያስፈልጋል። አለዚያ እንጀራ የምትጋግር ጎረቤት ጨለማ ሲሆንባት መጥታ መልሳ ታነሣዋለች።

የመኝታ ቤቱ ሶኬት የሚገኘው ከአልጋው ራስጌ ነው። ብሬከሩን አውርደን፣ በአምፖሉ መጥፋቱን አረጋግጠን ሽፋኑን ስንፈታ መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነበር፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ። ከሳጥኑ ውስጥ ጭድና የደረቀ ምርጊት ረገፈ። ከሰንጠረዡ የመጣው ኒውትራል በሶኬቱ ብሎን ሥር ደኅና ታስሯል፤ መኝታ ቤቱ ሲሠራ የቆየው ለዚህ ነው። ወደ ሳሎን የሚሄደው ኒውትራል ግን ብሎኑ ሥር አልገባም፤ ከመጪው ሽቦ ጎን ላይ ልባሱ ተልጦ ሦስት ጊዜ ያህል ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ቀልጦ እንደ ሬንጅ አብረቅርቋል። ጋሼ በፒንሳ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ጥምዙ ሳይፈታ ሽቦው ራሱ ተሰብሮ ወደቀ። መዳቡ ከውጭ ጥቁር ነበር፣ ስብራቱ ላይ ደግሞ ትንሽ አረንጓዴ፤ ልባሱም በጥፍር ሲነካ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። ከዚህ ጥምዝ አንድ ጣት ያህል ርቀት ላይ የግድግዳው ማገር ነበረ፤ እንጨቱ ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል የጠቆረ ቦታ አየን። ያንን ከጠቆረ ማገር ላይ የተንጠለጠለ ጭድ እስካሁን አልረሳሁትም፤ ሶኬቱ መሥራት ባያቆም ኖሮ ቀጥሎ ሊሆን የሚችለውን ማሰብ አልፈለግሁም።

አንድ ጥምዝ ይህን ያህል የሚሞቅበትን ምክንያት ጋሼ በደብተሬ ላይ አሰሉልኝ። በበዓል ቀን ሳሎኑ ዲቫይደር ላይ የቡና ስቶቭ፣ ካውያና ፍሪጅ ተሰክተው ነበር፤ ስቶቩ 1500 ዋት፣ ካውያው 1200፣ ፍሪጁ 150 ቢሆን ድምሩ 2850 ዋት ነው፤ ይህ ለ220 ሲካፈል 13 አምፔር ገደማ ይሆናል። ብሬከሩ 16 አምፔር ስለሆነ ከልካይ የለም። ነገር ግን የላላው ጥምዝ ግማሽ ኦም (የተቃውሞ መለኪያ ነው) ብቻ ቢቃወም፣ 13 በ13 ተባዝቶ በግማሽ ሲባዛ 85 ዋት ያህል ሙቀት እዚያው ጥምዝ ላይ ይፈጠራል። የ60 ዋት የድሮ አምፖል በእጅ እንደማይያዝ ሁሉም ያውቃል፤ ይህ ደግሞ ከእርሱ የሚበልጥ ሙቀት በናስትሮ ታፍኖ በጭድ መሐል የተቀመጠ ነው። ሲሞቅ መዳቡ ይጠቁራል፣ ሲጠቁር ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ብሬከር የሚያየው የኮረንቲውን መጠን እንጂ የማያያዣውን ሙቀት አይደለምና በዚህ ሁሉ መሐል ዝም ብሎ ይቆማል። ምልክቶቹ ቀድመው ነበሩ፤ ስቶቩ ሲሰካ የቴሌቪዥኑ ምስል ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልፎ አልፎም ከአልጋው ራስጌ የሆነ ነገር እንደሚጠበስ ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። እናቴ «ምስጥ ነው» ትለው ነበር።

አሁን ወደዚያች የጣት ርዝመት ወደምታህለው ሽቦ እመለሳለሁ፤ እህቴን የያዛት ኮረንቲ የመጣው በእርሷ በኩል ነውና። የእኛ አገር የተለመደው ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ በጎኑ የሚነካካቸው የብረት ምላሶች አሉት፤ እነርሱ ግራውንድ ለሚባለው የመሬት መስመር የተዘጋጁ ናቸው። የዕቃው የብረት አካል ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ነው። በድሮ ቤቶች ውስጥ ግን ወደ ሶኬት የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ስለሆኑ የመሬት መስመር የለም። አንዳንድ ሰው ፍሪጁ ነዘር ነዘር ሲያደርገው ምላሱን ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል፤ ኒውትራሉ ደኅና እስከሆነ ድረስ መነዘሩ ይቀራል፣ ሰውየውም መፍትሔ ያገኘ ይመስለዋል። ኒውትራሉ በተቋረጠ ቀን ግን ፌዙ በፍሪጁ ሞተር በኩል አልፎ ኒውትራሉ ላይ ይቆማል፣ ከኒውትራሉ በዚያች ሽቦ ወደ ምላሱ፣ ከምላሱ ወደ ፍሪጁ በር ይደርሳል። ያን ጊዜ የፍሪጁ አካል በሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ ሰው ይጠብቃል። ብሬከር አይወድቅም፤ ምክንያቱም በሰው አካል የሚያልፈው ኮረንቲ ለመግደል ቢበቃም ብሬከር ለመጣል አይበቃም። ያችን ሽቦ በመጀመሪያ ያሰራት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በአዲሱ ሶኬት ላይ መልሼ ያሰርኋት ግን እኔ ነኝ። እባካችሁ የድሮ ሶኬት ስትከፍቱ እንዲህ ያለች ድልድይ ካገኛችሁ አውጥታችሁ ጣሏት፤ የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት የውሸት የመሬት መስመር ካለው ይሻላል።

ጥገናው ከምርመራው ቀለለ። ከመኝታ ቤቱ ወደ ሳሎን የሚሄደው ሽቦ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ለመብራት የሚሆን ነው እንጂ ለሶኬት አይበቃም። ልባሱም ስለተሰነጣጠቀ መቀጠሉን ትተን ስድስት ሜትር ያህል ባለ ሦስት ሽቦ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል ከመርካቶ ገዝተን አሮጌውን እዚያው ግድግዳ ውስጥ ሁለቱን ጫፍ ቆርጠን ተውነው። አዲሱን በምርጊቱ ውስጥ አልቀበርነውም፤ በግድግዳው ላይ በሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፍነው። ለዓይን አያምርም፣ እናቴም አልወደደችውም፤ ጋሼ ግን «የሚታይ ሽቦ ነገ ሲታመም ይታያል» ብለው አልለወጡትም። ሰማያዊው ኒውትራል፣ ቡናማው ፌዝ፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት መስመር ሆኑ። ማያያዣዎቹ በሙሉ በጃንክሽን ቦክስ (የሽቦ ማገናኛ ሳጥን) ውስጥ ባለ ብሎን ማያያዣ ገቡ፤ እያንዳንዱ ብሎን ከጠበቀ በኋላ ሽቦው በእጅ ሳብ ተደርጎ ይታያል፣ ከወጣ እንደገና። የሶኬቶቹን ሳጥኖችም በምርጊቱ ላይ ሳይሆን በእንጨት ቋሚው ላይ በብሎን አሰርናቸው፤ ጭቃ ግድግዳ ላይ በምስማር የተያዘ ሶኬት መሰኪያ በተነቀለ ቁጥር አብሮ ይወዛወዛል፣ መወዛወዙም ከኋላ ያለውን ማያያዣ ያላላዋል። የቡና ስቶቩና ካውያው ከዚያ በኋላ አንድ ላይ ዲቫይደር ላይ አልተሰኩም። የእንጀራ ምጣድ ያለው ሰው ከዚህ መስመር ጋር ጨርሶ አያገናኘው፤ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት ገደማ ስለሚስብ ከሰንጠረዡ የራሱ ብሬከርና የራሱ ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል።

ሁለት ነገሮችን ሳልጠቅስ አላልፍም። አንደኛው መብራት በጠፋበት ሰዓት ሽቦ የመንካት ልማዳችን ነው። «አሁን መብራት የለም፣ ቶሎ ብለን እንሥራው» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ሊያስጎዳ የሚችል ነው፤ መብራቱ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን የለም። መብራት ቢኖርም ባይኖርም መጀመሪያ ዋናው ብሬከር ይውረድ። ሁለተኛው፣ ችግሩ የአንድ ሶኬት ሳይሆን የመላው ቤት ከሆነ፣ ማለትም አንዳንዱ አምፖል ከልክ በላይ ደምቆ ሌላው ደብዝዞ ከታየ፣ ወይም ጎረቤቶችም ይህንኑ ካሉ፣ የተበጠሰው ኒውትራል ከቤት ውጭ፣ ምናልባትም ምሰሶው ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ቮልት ከ220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ስለሚችል ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በአንድ ጊዜ ያቃጥላል። ያን ጊዜ ሶኬት መፍታት ሳይሆን ዋናውን አውርዶ ወደ መብራት ኃይል ማመልከት ነው፤ ከቆጣሪው በፊት ያለው ሽቦም ሆነ የቆጣሪው ማሸጊያ የእኛ ሥራ አይደለም።

ጋሼ ሥራውን ሳይጨርሱ በአንድ ነገር ላይ ችክ አሉ፤ ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ አርሲዲ የሚባለው፣ የ30 ሚሊ አምፔር መቁረጫ እንዲገባ። ይህ መሣሪያ በፌዝ የወጣውን ኮረንቲ በኒውትራል ከተመለሰው ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነት ካየ፣ ማለትም ጥቂቱ በሰው አካል ወይም በግድግዳ በኩል ወደ መሬት ከሄደ፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። እህቴን የያዛት ቀን ቢኖር ኖሮ ይቆርጥ ነበር። ገዝተን አስገባነው፤ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ባለው እርጥብ መሬት ውስጥም አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የመዳብ ዘንግ ተቀብሮ አዲሱ የመሬት መስመር ከእርሱ ጋር ተያያዘ። ነሐሴ ስለነበረ ዘንጉ በቀላሉ ገባ፤ አፈሩ ሲደርቅ የመሬቱ ተቃውሞ ስለሚጨምር ጋሼ በሚያዝያ መጥተው እንደሚለኩት ነገሩን።

አርሲዲው በገባ በመጀመሪያው ምሽት ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ጎረቤታችን እትዬ ከማድ ቤታቸው «ኧረ ምን ሆናችሁ፣ ወጥ ላይ ነኝ!» ብለው ጮኹ። ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው፦ አርሲዲው የሚወድቀው እርሳቸው አምፖላቸውን ባበሩ ቁጥር ነበር። ያ አምፖል ፌዙን የሚወስደው ከእኛ ሁለት ቁጥር ብሬከር ሲሆን ኒውትራሉን ግን የሚመልሰው በእርሳቸው ቤት በኩል ነው፤ ከእኛ የወጣው በእኛ ስላልተመለሰ አርሲዲው ኮረንቲ ወደ መሬት የፈሰሰ መሰለውና ቆረጠ። በማግስቱ የማድ ቤቱን አምፖል ሁለቱንም ሽቦ ከእርሳቸው መስመር ላይ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ አርሲዲውን የምጥለው እኔ ነኝ፤ በየወሩ መጀመሪያ መፈተሻ ቁልፉን ተጭኜ መቁረጡን አያለሁ፣ ከመጫኔ በፊትም ወደ እትዬ ማድ ቤት እጮሃለሁ።